ኳስ የማያውቅ ሰው የታዳጊ ቡድን ማገዝ ይችላል?

ወንድሜ፣ የሰፈርህ የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሰልጣኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድታግዘው ጠይቆህ «ኳስ አላውቅም፣ ምን እጠቅማለሁ?» ብለሃል። ግባበት። እኔም ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፤ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰፈር ቡድን ማገዝ ከጀመርኩ ግን ዓመታት አልፈዋል። ኳሱን አሰልጣኙ ያውቀዋል። የሚጎድለው ከኳሱ ውጪ ያለውን ሁሉ የሚይዝ ትልቅ ሰው ነው።

አንድ አሰልጣኝ ብቻውን ሠላሳ አርባ ልጅ ይይዛል። አንዱን እግሩን ወለም ሲለው ወደ እሱ ከሮጠ ሌሎቹ ተበተኑ ማለት ነው። እዚህ ጋ ትፈለጋለህ። የወላጆችን ስልክ ወረቀት ላይ ጽፈህ ያዝ፣ ሞባይል ባትሪ ይጨርሳል። አስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ካለ ከእናቱ ጠይቀህ እወቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን ልጆቹም በቃላቸው ይያዙት። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ልጅ «ደህና ነኝ» ቢልም በዚያ ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም። በዚህ ጉዳይ ከአሰልጣኙም ጋር ቢሆን ተከራከር።

ሥራው የሚበዛው ክረምት ላይ ነው። ትምህርት ይዘጋል፣ የሰፈር ውድድሩ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይደራረባል። ፍልሰታ ደግሞ ነሐሴ 1 ይገባል። ልጆች በጣም የሚወዱት ጾም ነው። ለመቁረብ የተዘጋጀ ልጅ ቅዳሴ እስኪያልቅ ውኃም አይቀምስም፣ ቅዳሴው የሚያልቀው ደግሞ ከቀትር በኋላ ነው። ይህን ልጅ ጠዋት ዙር ማስሮጥ ልክ አይደለም። ልምምዱን ወደ ማታ እንዳታዛውረው ዝናቡ አለ። እኛ ያገኘነው መላ የሚጾሙትን ቀለል ያለ የኳስ ንክኪ ብቻ ማሠራት ነው። በረመዳን ለሚጾሙትም እንደዚያው እናደርጋለን። አሰልጣኙ በውድድሩ ሲያዝ ይህን ይረሳዋል፣ ልጁም ከቋሚ ተሰላፊነት እንዳይወጣ ፈርቶ አይናገርም። ስለዚህ ቀድመህ ጠይቅ።

ሳይጾምም ሳይበላ የሚመጣ ልጅ አለ። እሱን ግን በሰው ፊት አትጠይቀው። ዳቦና ሙዝ ለሁሉም ይገዛ፣ ሁሉም እኩል ይብላ። ለእሱ ብቻ ከሰጠኸው በሚቀጥለው ሳምንት ላይመጣ ይችላል። ብሩን አቅም ካላቸው ወላጆች አሰባስብ፣ የገባውንና የወጣውን ጽፈህ አሳያቸው። አንድ ጊዜ ከተጠራጠሩህ ማልያ መግዣም አታገኝም።

ዱላ ሌላው ጉዳይ ነው። «ካልተመታ አይሰማም» የሚል ሰው በየሜዳው አለ፣ አንዳንዴ ወላጁ ራሱ «ግረፍልኝ» ብሎ ይሰጥሃል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በሚያሳድጓቸው ተቋማት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ለትምህርት ቤት ያልተፈቀደውን ሜዳ ላይ የምንፈቅድበት ምክንያት አይታየኝም። አሰልጣኙ ሲመታ ካየህ በልጆቹ ፊት አትቆጣው። ሻይ ጋብዘው፣ ለብቻው ንገረው። ካልተወ ለወላጆች ንገር።

ከአንድ ልጅ ጋር ሰው በማያያችሁ ቦታ ለብቻችሁ አትሁኑ። ልጅ ቤትህ አታስገባ፣ በመኪና ስትሸኝም ሁለት ሦስት ሆነው ይሂዱ። ይሄ ስምህን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። ልጆቹ ትልቅ ሰው ሁሉ በዚህ ደንብ እንደሚገዛ ከለመዱ፣ ደንቡን የሚጥስ ሲመጣ ቶሎ ያውቁበታል፣ ይናገራሉም። የእኛ ልጆች ጋሼ የተባለን ሰው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል፣ ደንቡ ይህን ያቀልላቸዋል።

ዕድሜ የተቀነሰበት የልደት ሰርተፍኬት ይዘው «አንተ ፈርምልን» ቢሉህ አትፈርም። ከ15 ዓመት በታች ውድድር ላይ ትልቅ ልጅ ሲገባ የሚሰበረው የትንሹ እግር ነው።

የ8ኛ ክፍል ልጆች ፈተና ሲደርስ እናቶች ከልምምድ ያስቀሯቸዋል። አትሟገታቸው። ፈተናው እስኪያልቅ ቦታው እንደማይወሰድበት ለልጁ ራስህ ንገረው፣ አሰልጣኙንም አስምልለት።

ጊዜህን በተመለከተ፣ የምትችለው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ከሆነ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ በል። የማትመጣ ከሆነ ዋዜማውን ደውል። አባት ርቆ የሄደበት ልጅ እዚያ መካከል አለ፣ «ነገ እመጣለሁ» ብሎ የቀረን ሰው ቶሎ አይረሳም።