እንግሊዝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠይቀው

ጠያቂያችን፣ በመስከረም ለትምህርት ወደ ሊድስ እንደሚመጡ ገልጸው፣ ከእንግሊዞች የዕለት ተዕለት ልማድ ለእኛ ሰው ግራ የሚያጋባው የትኛው እንደሆነ ጠይቀዋል። ስለ ዝናቡና ስለ ወረፋው ሌሎች በበቂ ጽፈዋል። እኔ ግን እዚሁ አካባቢ በኖርሁባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ብዙ ባሳፈረኝ ነገር እጀምራለሁ፤ እርሱም እዚህ አገር ሰው የሚጋበዘው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው።

ሥራ በጀመርሁበት ሳምንት አንዲት ባልደረባዬ ከወንበሯ ተነሥታ ሻይ የሚፈልግ እንዳለ ጠየቀች። እኔም እንዳደግሁበት ይሉኝታ «አይ፣ ይቅርብኝ፣ አትቸገሪ» አልሁና «በሞቴ!» እስክትለኝ ጠበቅሁ። እርሷ «እሺ» ብላ ሄደች፤ ስትመለስ በትሪ አምስት ኩባያ ይዛ ነበር፣ የእኔ ጠረጴዛ ብቻ ባዶውን ቀረ። እምቢ ያለን ሰው ደጋግሞ መወትወት በእነርሱ ዘንድ ሰውየውን ማስጨነቅ መሆኑን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ይባስ ብዬ በቅያሜ ሦስት ሳምንት ያህል ለራሴ ብቻ እያፈላሁ ጠጣሁ። ይህ ደግሞ ከባድ ነውር ነው፤ ውሃ ሊያፈላ የተነሣ ሰው አጠገቡ ያሉትን ሁሉ መጠየቅ፣ ማን ወተት እንደሚያበዛና ማን ስኳር እንደማይወስድም ማስታወስ አለበት። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፋ ባልደረባዬ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ማፍያው አንድ ኩባያ ብቻ ነው እንዴ የሚይዘው?» አለኝ። ቡና ሲፈላ ጎረቤት ከሚጠራበት ቤት ወጥቼ ይህን ከባዕድ መማሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በፐብም፣ ማለትም በመጠጥ ቤታቸው፣ ሕጉ ያው ነው፤ አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል፣ ተራዎ ሲደርስ ግን ማንም አይነግርዎትም።

ለተማሪ የሚያስፈልገው ሌላው ነገር አነጋገራቸው ነው። የማስተርስ ጽሑፌን ያማከሩኝ መምህር በአንዱ ምዕራፍ ጠርዝ ላይ «ይህን ክፍል ምናልባት እንደገና ቢያዩት ይወዱ ይሆናል» ብለው ጻፉልኝ። እኔም አየሁት፣ ወደድሁት፣ እንዳለ ተውሁት። «እንደገና ጻፈው» ማለታቸው እንደነበረ የነገረኝ ውጤቴ ነው። በተቃራኒው «ኖት ባድ» (መጥፎ አይደለም) ካሉዎት ተመስገን ይበሉ። መንገድ ላይ «ዩ ኦራይት?» የሚልዎት ሰውም ሰላምታ መስጠቱ እንጂ ስለ ጤናዎ መጠየቁ አይደለም፤ እኔ ቆሜ ስለ እናቴ የስኳር በሽታ የተረክሁለት ጎረቤቴ ቁልፉን በእጁ እንደያዘ በትዕግሥት አዳምጦኛል። «ኦራይት፣ አንተስ?» ብሎ ማለፍ ይበቃል። ስለ አየሩ ሲያነሡም መስማማት ነው፤ «ይበርዳል» ያለዎትን ሰው «የለም፣ ዛሬስ ደህና ነው» ብለው አይከራከሩት።

ቀሪው በራሱ ጊዜ ይለመዳል። እግሩን የረገጡት ሰው ራሱ «ሶሪ» ይላል። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ሹፌሩን ማመስገን የተለመደ ነው። በአሮጌ ቤቶች የሙቅና የቀዝቃዛው ውሃ ቧንቧ ለየብቻ ስለሆነ፣ እጅዎን በአንዱ እያቃጠሉ በሌላው ያደነዝዛሉ፤ ቀዝቃዛው በቀጥታ ከዋናው መስመር፣ ሙቁ ግን ጣሪያ ሥር ካለ ታንከር ይመጣ ስለነበር የሚጠጣው ውሃ እንዳይበከል ሳይቀላቅሏቸው የኖሩ ናቸው። መንገዱን በማይል ይለካሉ፣ ቤንዚኑን በሊትር ይቀዳሉ፣ የራሳቸውን ክብደት ደግሞ 6.35 ኪሎ ገደማ በሚሆነው «ስቶን» ይናገራሉ። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነውና ወፍራም ካፖርት ቶሎ ይግዙ።

ወደ ግብዣው ልመለስ። «አንድ ቀን ቤት ብቅ በል» የሚለው አነጋገር ቀን ካልተቆረጠለት ከመልካም ምኞት አያልፍም፤ እኔ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሳልደውል ብቅ ብዬ ባልና ሚስቱን በሌሊት ልብስ አግኝቻቸዋለሁ። ቀንና ሰዓት ከተነገረዎት ግን የምር ነው። ቀድመው አይድረሱ፣ አበባ ወይም ቸኮላት ይያዙ፣ «ልጨምርልዎ?» ሲባሉም ከራብዎት ያኔውኑ ሳህኑን ያቀብሉ፤ ጉርሻ ይዞ የሚያስገድድዎት የለም።