ጓደኛዬን ተቀያሪ ባደርገው አኮረፈኝ

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች፣ አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ኳስ ካቆምኩ ሁለት አመቴ ነው፣ አሁን አብሬያቸው ስጫወት የነበሩትን የሰፈር ልጆች ጃንሜዳ አሰለጥናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ የልብ ጓደኛዬን ተቀያሪ ባደርገው ይኸው ማኪያቶ ቤት ስገባ ፊቱን ያዞርብኛል። አባቴ በደርግ ጊዜ ሮማንያ፣ ቡካሬስት ነው የተማረው፣ ራግቢ ነፍሱ ነው፣ "ጎንቲኔያክም እንዳንተው ተጫውቶ ነው አሰልጣኝ የሆነው" ይለኛል። ሰውየው ማነው? እሱስ እንዴት ቻለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ደህና ሰው ነው የጠቆሙህ። ሮሜዮ ጎንቲኔያክ የኢያሲ ከተማ ልጅ ነው፣ ለሮማንያ ከ70 ጊዜ በላይ ተሰልፏል፣ በፈረንጆቹ 1995፣ 1999፣ 2003 እና 2007 አራት የአለም ዋንጫ ተጫውቷል፣ ይሄ ቀላል አይደለም። አባትህ እዛ በነበሩበት ዘመን የሮማንያ ራግቢ የሚፈራ ነበር፣ እንደኛ መቻልና ኦሜድላ በላቸው፣ ስቴዋ የጦሩ ክለብ ነበር፣ ዲናሞ ደግሞ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ፣ በ1980 ፈረንሳይን ቡካሬስት ላይ 15 ለ 0 ነው የሸኟት። ከ1989ኙ አብዮት በኋላ ግን ድጋፉ ሳሳና ጎበዝ ጎበዙ ወደ ፈረንሳይ ሄደ፣ እሱም ኦሪያክ ለሚባል ክለብ ተጫወተ፣ በኋላም እዛው አሰልጣኝ ሆነ።

አንተን የሚመለከትህ ግን 2011 ነው። መጫወት ካቆመ ብዙም ሳይቆይ የሮማንያን ብሄራዊ ቡድን ይዞ ኒውዚላንድ አለም ዋንጫ ሄደ። የመጀመሪያው ጨዋታ ከስኮትላንድ ጋር ነበር፣ ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው 24 ለ 21 እየመሩ ነበር እኮ! መጨረሻ ላይ ስኮትላንዶች ሁለት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚ የጎል መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት) አግብተው 34 ለ 24 ወሰዱት። ከዛ በአርጀንቲና ተሸነፉ፣ ቀጥሎ እንግሊዝ መጣች፣ እሱም ሊያሸንፋት የሚችላት ጆርጂያ ናት ብሎ ብዙ ዋና ተሰላፊዎቹን አሳረፈና 67 ለ 3 ተሸነፈ። ለጆርጂያ ያስቀመጣቸው ልጆችም 25 ለ 9 ተሸነፉ። አስበው፣ አራት አለም ዋንጫ ሙሉ እሱ ራሱ ለመሰለፍ የታገለ ሰው ነው፣ አሁን በህይወቱ አንዴ ከእንግሊዝ ጋር ልጫወት ያለውን ልጅ ቁጭ በል የሚለው እሱ ሆነ። ተጫዋች ሆነህ እንዲህ አይነት ነገር አንድም ቀን አትወስንም፣ ለዚህ ነው ጉልበትህን ያመመህ ሲመስልህ ልብህን የሚያምህ።

የኔ ሀሳብ፣ ማሰልጠኑን እንዳትተው። ጥፋትህ ጓደኛህን ማስቀመጥህ አይመስለኝም፣ አሰላለፉን ከሁሉም እኩል ሜዳ ላይ መስማቱ ነው ያስቀየመው። አርብ ማታ ቤቱ ሂድ፣ ማኪያቶ ቤት ሰው ፊት እንዳይሆን፣ ለምን እንዳስቀመጥከውና ስንተኛው ደቂቃ ላይ ልታስገባው እንዳሰብክ ለብቻው ንገረው፣ ባልከው ደቂቃ ደግሞ አስገባው።