በቅዝቃዜ ከታከምኩ በኋላ የልቤ ምት መዛባት ለምን ተመለሰ?

እህቴ፣ የልብ ምት መዛባትዎ በቅዝቃዜ ከታከመ በሦስተኛው ሳምንት ልብዎ እንደገና በፍጥነት መምታት መጀመሩን ገልጸው፣ ሕክምናው ከሽፎ እንደሆነና የደም ማቅጠኛውን ማቆም ይችሉ እንደሆነ ጠይቀዋል። ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ያለ ሥርዓት የሚንቀጠቀጡበት የምት መዛባት) ይኸው ሕክምና ስለተደረገልኝ ያለፍኩበትን ላካፍልዎ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት ምቱ መዛባቱ ብቻውን የሕክምናውን መክሸፍ አያሳይም። በ1998 እ.ኤ.አ. ቦርዶ የሚሠሩት ፈረንሳዊው ሐኪም ሚሼል ሃይሳጌርና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ይህን መዛባት የሚቀሰቅሰው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚነሳው ከሳንባ ወደ ግራው የላይኛ የልብ ክፍል ደም ከሚመልሱት ሥሮች ነው። ስለዚህ ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ ሁለቱን የላይኛ የልብ ክፍሎች የሚለየውን ግድግዳ በስቶ ካለፈ በኋላ፣ በእያንዳንዱ ሥር አፍ ላይ ፊኛ ነፍቶ በናይትረስ ኦክሳይድ ያቀዘቅዘዋል። ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ በሚቆየው በዚህ ቅዝቃዜ የፊኛው ሙቀት ከዜሮ በታች 40 ዲግሪና ከዚያም በታች ስለሚወርድ፣ የነካው ሥጋ ሞቶ ኤሌክትሪኩን የሚያግድ ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው እስኪጸና ድረስ ግን የተቆጣው ሥጋ ራሱ ምቱን ሊያውክ ይችላል።

ለእኔ የተሰጠኝ ማደንዘዣ ቀላል ስለነበረ፣ ሲቀዘቅዝ ግንባሬን የሚወጋ ራስ ምታት ተሰምቶኛል። የቀኙ ሥሮች ሲቀዘቅዙ ደግሞ ሆዴ እንደ ስቅታ ይነጥር ነበር፤ ይህ ወደ ድያፍራም (ከሳንባ በታች ወዳለው የመተንፈሻ ጡንቻ) የሚሄደው ነርቭ እንዳይጎዳ ሆን ተብሎ የሚደረግ ክትትል መሆኑ ቀድሞ ስለተነገረኝ አልደነገጥኩም። ከዚያ በኋላ የብሽሽቴ መበለዝና በጥልቀት ስተነፍስ የሚሰማኝ የደረት ሕመም ቶሎ ሲለቁኝ፣ በተለይ ሌሊት ይመጣ የነበረው የምት መዝለል ግን የጠፋው ቀስ በቀስ ነው።

የደም ማቅጠኛውን በተመለከተ፣ ሐኪምዎ ሳይፈቅዱ በፍጹም እንዳያቆሙት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ልብ ውስጥ የሚረጋ ደም ስትሮክ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ምቱ ቢረጋጋም መድኃኒቱ ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሚወሰነው በሚሰማዎት ስሜት ሳይሆን በዕድሜ፣ በደም ግፊት፣ በስኳር ሕመም፣ በልብ ድካምና ቀደም ሲል ስትሮክ ደርሶ እንደሆነ ታይቶ ነው። ምቱ በሚፈጥንበት ጊዜ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት የሚመዘግብ ምርመራ) መነሳት ከቻሉም ይነሱ፤ ሐኪሙ ከቃል ገለጻ ይልቅ ከዚያ ወረቀት ብዙ ይረዳል።

ራስን መሳት፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር፣ የአፍ መጣመም ወይም የአንድ ጎን መዛል ከገጠመዎት ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከሳምንታት በኋላም ቢሆን ትኩሳት፣ ሲውጡ የሚያም ጉሮሮ ወይም ደም ማሳል ከመጣ፣ በልብና በምግብ ቧንቧ መካከል ቀዳዳ ተፈጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ ጉዳቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት ቢሆንም ገዳይ ነውና፣ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ የሚደረግ ምርመራ) ከመታዘዙ በፊት የልብ ቅዝቃዜ ሕክምና እንደተደረገልዎ ለተረኛው ሐኪም አስቀድመው ይንገሩ።