ባሌ እስኪሻለው የኔን ህክምና ላቆየው? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ። ባለቤቴ ኩላሊቱ ስራ ካቆመ ሁለት አመት ሊሞላው ነው፣ በሳምንት ሶስቴ ዲያሊሲስ (ደሙ በማሽን የሚጣራበት ህክምና) አለው፣ የማመላልሰውም ምግቡን ለይቼ የምሰራለትም እኔ ነኝ። በቅርቡ ጡቴ ላይ እብጠት አግኝቼ ባዮፕሲ (ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ የሚደረግ ምርመራ) ተሰራና ካንሰር ነው አሉኝ፣ ቀዶ ጥገናና ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ቶሎ ጀምሪ ብለውኛል። ግን እኔ ከተኛሁ እሱን ማን ያየዋል? ይብስበታል ብዬ ለሱም አልነገርኩትም። በተክሊል ነው የተጋባነው፣ ቃል ኪዳን አለብኝ፣ ስለዚህ እሱ ትንሽ እስኪጠነክር የኔን አቆይቼ መስቀሌን ልሸከም ወስኛለሁ፣ ጠበል ሁለታችንም እየጠጣን ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ሁለታችሁም የታመማችሁት በደል ቢኖርባችሁ ነው ትለኛለች። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ እግዚአብሔር ይማርሽ፣ ባለቤትሽንም ይማርልሽ። ከጎረቤትሽ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ያንኑ ነው የጠየቁት፣ ጌታም «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም» ብሎ ዘጋው (ዮሐ 9፥3)። ንስሐ ሁላችንም ያስፈልገናል፣ ጤነኛዋም ጎረቤትሽ ጭምር፣ ግን ህመምሽን እየቆጠረ የሚፈርድብሽን ሰው አትስሚው በቃ።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላው ነው። «መስቀሌን ልሸከም» ያልሽው። ይሄን ነገር ብዙ እናቶች ሲሉት ሰምቻለሁ፣ ልጅ ለማሳደግ ባል ለማስታመም ብለው የራሳቸውን ህመም ደብቀው ደብቀው ሀኪም ጋ ሲደርሱ ቁስሉ ፈንድቶ ወይ ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ይገኛል። በአገራችን ከሴቶች ካንሰር በብዛት የሚታየው የጡት ነው፣ አብዛኞቹም ወደ ሆስፒታል የሚመጡት ከዘገየ በኋላ ነው፣ ቶሎ የተደረሰበት ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። አንቺ ቶሎ ደርሰሽበት ሳለ በገዛ እጅሽ ልታዘገዪው ነው፣ ያውም በመስቀል ስም! አይሆንም እህቴ፣ ይሄን በፍቅር ግን ጠንከር አድርጌ ነው የምነግርሽ።

ጌታ መስቀሉን ተሸክሞ ይከተለኝ ብሏል፣ ብቻውን ይሸከም ግን አላለም። እስቲ በሰሙነ ሕማማት የምንሰማውን አስቢው፣ የዓለምን ኃጢአት የተሸከመው ጌታ ደክሞ ሲወድቅ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ተሸከመለት (ሉቃ 23፥26)። አምላክ ሆኖ ሳለ የሰው ትከሻ አልናቀም፣ አንቺ ከሱ ልትበልጪ ነው? ደግሞ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ በዚያ ሁሉ ስቃይ ውስጥ፣ እናቱን ማን ይይዛታል የሚለውን አልረሳም፣ «እነሆ ልጅሽ» «እናትህ እነኋት» ብሎ ለዮሐንስ አደራ ሰጣት (ዮሐ 19፥26-27)። የሚወዱትን ሰው ለሌላ አደራ መስጠት መተው ማለት ቢሆን ኖሮ ጌታ እመቤታችንን ተዋት ልንል ነበር፣ ይቅር ይበለን። ስለዚህ አንቺም ኬሞ የምትወስጂበት ቀን ባልሽን ለእህቱ ወይ ለታማኝ ሰው ብትሰጪ ቃል ኪዳንሽን አላፈረስሽም፣ እንደውም ጌታ ያደረገውን ነው ያደረግሽው።

ተክሊሉንም ካነሳሽ እንግዲህ ሁለታችሁ አንድ ሥጋ ናችሁ። ማንም የገዛ ሥጋውን አይጠላም፣ ይመግበዋል ይከባከበዋል ይላል ሐዋርያው (ኤፌ 5፥29)። የሱ ኩላሊት ያንቺ ህመም ከሆነ ያንቺም ጡት የሱ ህመም ነው፣ ታዲያ ምኑን ነው የደበቅሽው? እሱ አልጋ ላይ ሆኖም ባል ነው፣ መፀለይ ይችላል፣ አይዞሽ ማለት ይችላል፣ በርቺ ታከሚ ብሎ ማዘዝም ይችላል። በሽተኛ ስለሆነ ብቻ ይሄን መብት አትቀሚው። ከሌላ ሰው ቢሰማው ደግሞ ህመሙ እጥፍ ነው የሚሆንበት።

ጠበሉን አትተዉት። ግን ጠበል ከያዝሽ መድኃኒት አትንኪ የሚሉሽን አትስሚ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ህሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም ባንድ ላይ እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ ተናግረው ነበር፣ ያንቺም ከዚያ አይለይም፣ ሲራክም ምዕራፍ 38 ላይ ሀኪሙንም መድኃኒቱንም እግዚአብሔር እንደፈጠረ ይነግረናል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ባለቤትሽ ዲያሊሲስ ላይ ስለሆነ የሚጠጣው በልክ ነው፣ ኩላሊቱ ውሃውን ስለማያስወጣው ሳንባው ላይ ተጠራቅሞ ትንፋሽ ያሳጥረዋል። ስለዚህ ጠበሉን በጆግ አታጠጪው፣ ሀኪሙ ከፈቀደለት ላይ ተቆጥሮ ጉንጭ ጉንጯን ይቅመስ፣ በረከቱ በሊትር አይለካም። አንቺም ኬሞ ስትጀምሪ ነጭ የደም ሴልሽ ስለሚወርድ በዚያ ሰሞን ሰው ከሚጋፋበት የጠበል ሰልፍ ራቂ፣ ትኩሳት ከያዘሽም ሌሊትም ቢሆን ሳታድሪ ሆስፒታል ሂጂ። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ ቤተክርስቲያን በታመመ ሰው ላይ ሸክም አትጭንም።

የጽዋ ማህበርተኞችሽን ሰብስበሽ ንገሪያቸው። እኛ ሰው ሲሞት ድንኳን ለመጣል እንፈጥናለን፣ በህይወት ላለ ሰው ግን ካልተነገረን አናውቅም፣ ስለዚህ ሳታፍሪ በግልፅ ንገሪያቸው፣ አንዷ ማክሰኞ ዲያሊሲስ ትውሰደው፣ አንዷ ሀሙስ፣ ሌላዋ ጨው የሌለበት ወጡን ትስራ፣ ኬሞ ከወሰድሽ በኋላ ባሉት ቀናት አንቺ ጋ የምታድር ሰውም ያስፈልጋል። ሸክም መሸከሚያቸውን በረከት አትከልክያቸው (ገላ 6፥2)።

ዛሬ ማታ ለባለቤትሽ ንገሪው፣ ነገ ጠዋት ሀኪምሽ ጋ ደውለሽ ቀጠሮ አስይዢ። የሁለታችሁንም ስመ ክርስትና ላኪልኝ፣ በቅዳሴ እንዲታሰብ ለአባቶች እሰጣለሁ።