ቀዳዳ ያለበት ጣውላ ሁሉ ነቅዟል ማለት አይደለም

ይድረስ የእንጨት ሥራን ሙያቸው ለማድረግ ለተነሡ ወጣቶች፤

ሰሞኑን ሥራውን ከጀመረ ብዙም ያልቆየ አንድ ልጅ፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ባዘጋጀው ጣውላ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ማግኘቱን ነግሮኝ ይጣለው ወይስ ይሥራበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ለእሱ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ጥያቄው ግን ለብዙ ዓመታት ያላነሣሁትን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ለእናንተ በረጅሙ ልጽፍ ወደድሁ።

ሙያውን በምማርበት ዘመን አንድ አዛውንት፣ ነፋስ የጣለባቸውን ትልቅ ዛፍ አሰንጥቀውና አድርቀው ጣውላውን ወደምሠራበት ወርክሾፕ አመጡ። ዛፉን የተከሉት ሟች ባለቤታቸው ስለነበሩ ለምትዳረው ልጃቸው አልጋ እንዲሆን ፈልገው ነበር። ጣውላው ከባድ ነው፤ በጣት ሲያንኳኩትም ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። አሠሪዬ አንዱን እንድልግ አዘዙኝና መላጊያውን ጥቂት ጊዜ እንዳመላለስሁበት፣ ከግራጫው ገጽ ሥር እዚህም እዚያም የተበተኑ ቀዳዳዎች ብቅ አሉ። ዛሬም ዓይኔ ላይ ይመጡብኛል፤ ክብ ናቸው፣ ስፋታቸው ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ዙሪያቸው ጠቁሯል፣ ውስጣቸው ደግሞ ባዶ ነው። ጣውላውን ገልብጬ ከጠረጴዛው ጋር አጋጨሁት፤ ከመላጊያው ፍቅፋቂ በስተቀር አንዳች ብናኝ አልወረደም። ነገሩ ገርሞኝ ቀና ስል አሠሪዬ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

«ነቅዟል» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልመረመሩም። መጋዘኑ ገና ባልተነካ ጣውላ የተሞላ ስለነበር ነቀዙ ተዛምቶ ሁሉንም እንዳይፈጅባቸው ፈርተዋል። ወደ አዛውንቱ ዞረው «አባባ፣ ይሄ ለማገዶ እንጂ ለአልጋ አይሆንም፤ ልጅዎን ነቀዝ ላይ ሊያስተኟት ነው?» አሏቸው። አዛውንቱ ጣውላውን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «እናንተ ካላችሁ እንግዲህ» ከማለት በቀር አልተከራከሩም። ጣውላው ተፈልጦ ነደደ፤ የልጅቱም አልጋ ከሌላ እንጨት ተሠራ። እኔ በዚያ ዕድሜዬ በአሠሪዬ ፊት የምናገረው አልነበረኝም፤ ያየሁት ነገር ምን እንደሚል ማንበብም አልችልም ነበር።

ኋላ እንደተረዳሁት እነዚያ ቀዳዳዎች የአምብሮዝያ ጥንዚዛ ሥራ ነበሩ። ይህ ጥንዚዛ የሚገባው ገና እርጥብ በሆነ ግንድ ውስጥ ነው፤ እንጨቱንም አይበላም። ይዞት የሚገባውን ሻጋታ በዋሻው ግድግዳ ላይ ያበቅላል፣ የሚመገበውም እሱን ነው፤ የቀዳዳውን ዙሪያ የሚያጠቁረውም ይኸው ሻጋታ ነው። እንጨቱ ሲደርቅ ሻጋታው ስለሚሞት ጥንዚዛው በዚያ መኖር አይችልም፣ ወደ ሌላ ደረቅ ጣውላም አይዛመትም። እንግዲህ ያ ጣውላ ለአልጋ የሚያሰጋ አልነበረም፤ እንዲያውም ዛሬ ለመልኩ ሲሉ እንዲህ ዓይነቱን ፈልገው የሚገዙ አሉ።

ይህን የምጽፈው አሠሪዬን ለመንቀፍ አይደለም። ከብዙዎቻችን የበለጠ ጆሮ ነበራቸው። አንድ ጊዜ የአሮጌ ጣሪያ ተሸካሚ ሊያድሱ ሄደው፣ ሁላችንንም ዝም አሰኝተው ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ቆዩና «እየበላ ነው» አሉን። በተራዬ ጆሮዬን ብደግን በእርግጥም የሚፋቅ ድምፅ ሰማሁ። ስንሰነጥቀው በጥድ መሰል እንጨት ውስጥ ለዓመታት የሚኖረውን ባለ ረጅም ቀንድ ጥንዚዛ እጭ አገኘን። የእሱ መውጫ እንቁላልማ ቅርጽ ያለውና ከ6 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚሰፋ ስለሆነ ከሌሎቹ ጋር አይምታታም። ይሁን እንጂ እንዲያ ያለ ጆሮ የነበራቸው ሰው በዚያ ጣውላ ላይ አንዲት ደቂቃ አልጨመሩም። የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

ልትፈሩት የሚገባው ሊክተስ የተባለው ጥንዚዛ ነው። እንጨታቸው በተፈጥሮው ሰፋ ያሉ ጥቃቅን የውኃ መተላለፊያ ቀዳዳዎች ባሉት፣ እንደ ኦክና ዋልነት ባሉ ሰፋፊ ቅጠል ዛፎች ላይ፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ነጣ ያለና ስታርች በሚከማችበት ክፍል ውስጥ ይራባል፤ የመሐሉን ጠቆር ያለ ልብ አይነካም፣ ጥድ መሰል እንጨትም ውስጥ አይገባም። እንስቷ እንቁላሏን በእንጨቱ ተፈጥሯዊ ቀዳዳዎች ውስጥ ታስገባለች፤ እጩ ላዩን ሳይነካ ውስጡን ወደ ላመ ዱቄት ይለውጠዋል። ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር የሆነው ክብ ቀዳዳ የሚታየው አድጎ ሲወጣ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይስታል፤ ቀዳዳው መውጫ እንጂ መግቢያ ስላልሆነ፣ ቀዳዳ የሌለው ጣውላ ንጹሕ ነው ብሎ መማል አይቻልም። የቤት ዕቃ ነቀዝ የሚባለው ሌላው ጥንዚዛ ደግሞ በጥድ መሰል እንጨትም ውስጥ ይገባል፤ የሚያወጣው ብናኝ በጣት ሲያሹት ይሻክራል፣ እጩም ሳይታይ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ዓይናችሁ ከቀዳዳው ይልቅ ብናኙ ላይ ይሁን። ጣውላውን በብሩሽ ጠርጋችሁ፣ ያሉትን ቀዳዳዎች በእርሳስ አክብባችሁ፣ ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፋችሁ ሞቃቱ ወቅት እስኪያልፍ ጠብቁ። ነጣ ያለ አዲስ ብናኝ ከወረደ ወይም ያልተከበበ ቀዳዳ ከታየ ውስጡ ሕይወት አለ፤ የቆየ ብናኝ ግን ወደ ቢጫነት ያደላል፣ ይጋገራልም። መጠበቅ የማይቻል ከሆነ ነጣ ያለውን ጠርዝ በወስፌ ውጉት፤ ያለ ትግል ከሰመጠ ነገሩ አልቋል። ከጫፉም ቁረጡና ሰጋቱራው ውስጥ የላመ ዱቄት መኖሩን እዩ።

የዛሬ ወጣቶች ነገር ሁሉ በአንድ ቪዲዮ እንዲያልቅላችሁ ትፈልጋላችሁ፤ በቫርኒሽ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ መድኃኒት ረጭታችሁ ተገላገልሁ ትላላችሁ። የቦራክስ ዘር የሆኑት መድኃኒቶች የሚሠርጉት ባዶ እንጨት ውስጥ ነው፤ ቫርኒሹ ካለ ላዩ ላይ ይቀራሉ። ቫርኒሽ አዲስ እንቁላል እንዳይጣል ይከላከላል እንጂ ውስጥ ያለው እጭ በስቶት ከመውጣት አያግደውም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ አምብሮዝያ የሚባለውን ስም ለማግኘት የፈጀብኝን ዘመን እናንተ ስልካችሁን አንሥታችሁ በአፍታ ትጨርሱታላችሁ፤ በዚህስ እቀናባችኋለሁ።

አስተማማኙ መፍትሔ ሙቀት ነው። ዓለም አቀፉ የእንጨት ማሸጊያ ደንብ የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ለ30 ተከታታይ ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። መጠኑን ልብ በሉ፤ መለካት ያለበት የእንጨቱ መሐል እንጂ የምድጃው አየር አይደለም፤ ወፍራም ጣውላ እዚያ እስኪደርስ ሰዓታት ይወስዳል። ሙቀት ያለውን ይገድላል እንጂ ነገ ከሚመጣው አይጠብቅም። በነፋስ ብቻ የደረቀ ጣውላ ደግሞ ይህን ሁሉ አላለፈም።

እስካሁን አትቸኩሉ ስላችሁ ቆይቼ የራሴን ልማድ ብሰውርባችሁ ደስ አይለኝም። የላመ ዱቄት የሚያወርድ ጣውላ ወደ ወርክሾፔ ከገባ አንድ ሌሊት አላሳድረውም፤ ነጣ ያለውን ጠርዝ ቆርጬ አቃጥላለሁ፣ የቀረውንም ከሌላው ለይቼ ከደጅ አኖራለሁ። በዚህ ረገድ ከአሠሪዬ ብዙ አልሻልም፤ ልዩነታችን እኔ ከማቃጠሌ በፊት ዱቄቱን በጣቴ ማሸቴ ብቻ ነው።

የድሮ ጉዳት ያለበትን ዕቃ ስታድሱ፣ ወቅቱ አልፎ አዲስ ነገር አለመኖሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ ቀዳዳዎቹን በእንጨቱ ቀለም በተዘጋጀ ሰም ድፈኗቸው። ይህን የምለው ለመልክ ብቻ አይደለም፤ አሮጌዎቹ ከተደፈኑ ነገ የሚከፈተው ቀዳዳ አዲስ መሆኑ አያጠራጥርም፣ ባለቤቱም ቢሆን ራሱ አይቶ ሊደውልላችሁ ይችላል።