ገና በሃያ ጨዋታ? የናሽናልስ ደጋፊዎች ጥያቄና መልስ

የቤዝቦሉ ውድድር ከተጀመረ ሦስት ሳምንት አለፈው። ዋሽንግተን ናሽናልስ ሃያ ጨዋታ ገደማ ላይ ሲደርስ የሚመጡልን ጥያቄዎች በየዓመቱ ይመሳሰላሉ፤ ግማሹ ቁጣ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ከእግር ኳስ ወደ ቤዝቦል የመጣ ሰው ግራ መጋባት። ዘንድሮም ከሁለቱም መርጠናል። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ካሸነፍነው የተሸነፍነው በልጧል። ዓመቱ ከወዲሁ አለቀ ማለት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መጀመሪያ ሚዛኑን እናስተካክል። አንድ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ጨዋታ ያደርጋል፤ 81 በሜዳው፣ 81 ከሜዳው ውጭ። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 38 ነው። ሃያ የቤዝቦል ጨዋታ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲመነዘር አምስት ጨዋታ እንኳ አይሞላም። በአምስተኛው ጨዋታ አሰልጣኙ ይባረር የሚል የአርሰናል ደጋፊ መኖሩን እናውቃለን፤ ልክ ነው ግን አላልንም።

ሳንቲም ሃያ ጊዜ ወርውሩ። ዘውዱ ስምንት ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ የመውጣቱ ዕድል ከመቶ 25 ያህል ነው። እንግዲህ ከተጋጣሚዎቹ ጋር ፍጹም እኩል የሆነ ቡድንም በየአራት ዓመቱ አንዴ 8 አሸንፎ 12 ተሸንፎ ወይም ከዚያ ብሶበት ሊጀምር ይችላል። አጥፍቶ ሳይሆን ዕጣው እንደዚያ ወጥቶለት ነው።

የራሳችንን ቡድን የ2019 ታሪክ ሁሉም ይጠቅሰዋል፣ ዝርዝሩን የሚያነሳው ግን ጥቂት ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ናሽናልስ በኒውዮርክ ሜትስ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፎ 19 ድልና 31 ሽንፈት ላይ ቆመ። ያ አካሄድ እስከ መጨረሻው ቢቀጥል ዓመቱ በ62 ድል ገደማ ያልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን 74 አሸንፎ 38 ብቻ ተሸነፈ፤ 93 ለ69 ጨርሶ በዋይልድ ካርድ (የምድባቸውን አንደኝነት ላላገኙ ጥሩ ቡድኖች በሚሰጥ ቦታ) ወደ ጥሎ ማለፉ ገባ፤ ሚልዋኪን፣ ዶጀርስን፣ ሴንት ሉዊስን አልፎ በወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም በዋንጫው ፍጻሜ፣ ሂውስተንን በሰባተኛው ጨዋታ አሸነፈ። በዚያ ወርልድ ሲሪስ ሰባቱንም ጨዋታ ያሸነፈው እንግዳው ቡድን ነበር።

መታየት ያለበት የመጀመሪያዎቹ ሃምሳ ጨዋታዎች ለምን እንደተበላሹ ነው። ትሬይ ተርነር ሚያዝያ ገና ሲጀምር ዱላውን ሳያወዛውዝ ኳሱን ቀስ ብሎ ሊነካ (ባንት ሊያደርግ) ሲሞክር ጣቱ ተሰብሮ ወር ተኩል ያህል ወጣ። ሬንዶን፣ ሶቶና ዚመርማን በየተራ ተጎዱ። ቡልፔኑ (የጀመረውን ወርዋሪ ተክተው የሚገቡት ወርዋሪዎች) ደግሞ እሳት አጥፊ ሳይሆን ቤንዚን ነበር፤ ትሬቨር ሮዘንታል በመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች አንድም መቺ አውት ማድረግ፣ ማለትም ማስወጣት፣ አልቻለም። ስታርተሮቹ (ጨዋታውን የሚጀምሩት ወርዋሪዎች) ሸርዘር፣ ስትራስበርግና ኮርቢን ግን በቦታቸው ነበሩ። የተጎዳ ይድናል፤ ቡልፔን በሐምሌ መጨረሻ ገበያ ይጠገናል፣ ተጠግኖም ነበር፤ የወርልድ ሲሪሱን የመጨረሻ አውት የወሰደው ዳንኤል ሃድሰን የመጣው ያኔ ነው። ጥሩ ስታርተር የሌለው ቡድን ግን በሐምሌ የሚገዛው ነገር አያድነውም። ስለዚህ «2019ን አስታውሱ» ከማለት በፊት ሽንፈቱ ከየትኛው በኩል እንደመጣ እዩ። ከ19 ለ31 ተነስቶ ዋንጫ የሚያነሳ ቡድን ብርቅ ነው፤ አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

ተቃራኒውም አለ። ታምፓ ቤይ በ2023 ዓመቱን በ13 ተከታታይ ድል ከፍቶ 99 አሸነፈ፤ በዋይልድ ካርዱ በቴክሳስ ሁለት ለዜሮ ወጣ። ሚልዋኪ በ1987 እንዲሁ 13 ለ0 ጀምሮ ሦስተኛ ሆኖ ቀረ። በጎረቤታችን ባልቲሞር ደግሞ በ1988 ኦሪዮልስ የመጀመሪያዎቹን 21 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። አሰልጣኙ የተባረሩት ከስድስተኛው ሽንፈት በኋላ ነው፤ የተተኩት ፍራንክ ሮቢንሰን ቀጣዮቹን 15ም ተሸነፉ። በ2005 ቡድኑ ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ የናሽናልስ የመጀመሪያው አሰልጣኝ የሆኑት እኚሁ ሮቢንሰን ናቸው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ከድልና ሽንፈቱ ሌላ ምን እንቁጠር? (ከአሌክሳንድሪያ)

ያስቆጠሩትንና የተቆጠረባቸውን ነጥብ ቁጠሩ። ያስቆጠሩትን በራሱ አባዙ፤ የተቆጠረባቸውንም በራሱ አባዙ፤ የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። ለምሳሌ ቡድኑ በ30 ጨዋታ 120 አስቆጥሮ 150 ከተቆጠረበት፣ 14,400 ለ36,900 ሲካፈል 0.39 ይመጣል። ያ ቡድን 12 ድል ገደማ ይገባዋል ማለት ነው። ሰንጠረዡ ላይ 16 ለ14 ከሆነ አትጨፍሩ፤ በአንድ ነጥብ ያሸነፋቸው ጨዋታዎች በዝተውለታል፣ እሱም ሁልጊዜ አይዘልቅም። አንድ ጥንቃቄ፦ በአንድ ቀን 17 ለ2 መሸነፍ ብቻውን ስሌቱን ያዛባል። ሰላሳ ጨዋታ ሳይሞላ አታስሉት።

ጥያቄ፦ ሰንጠረዡ ላይ «አራት ተኩል ጨዋታ ወደኋላ» ይላል። ግማሽ ጨዋታ ከየት ይመጣል? (ከአዲስ አበባ)

ቡድኖች በአንድ ቀን እኩል ጨዋታ ስላላደረጉ ነው። መሪው 18 አሸንፎ 10 ቢሸነፍና የእናንተው 13 አሸንፎ 14 ቢሸነፍ፣ የድሉ ልዩነት 5፣ የሽንፈቱ 4 ነው። ድምሩ 9፣ ለሁለት ሲካፈል 4.5። በዚህ ወር ለዚህ ቁጥር እንቅልፍ አትጡለት።

ጥያቄ፦ የምወደው መቺ .200 ላይ ነው። ለምን አያስቀምጡትም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላ ጠያቂ)

በሃያ ምናምን ጨዋታ 80 ጊዜ ያህል ይመታል። ከ80 ውስጥ 16 ሂት (መትቶ ቤዝ የደረሰበት) .200 ነው፤ 20 ሂት ደግሞ .250። ልዩነቱ አራት ኳስ ነው። በወር ውስጥ አራት ኳስ ወደ ተከላካይ እጅ ቀጥ ብሎ መሄድ ማንንም ያጋጥማል።

የሚፈተሽበት መንገድ ይህ ነው። ሜዳ ውስጥ ያረፈው ኳስ ምን ያህሉ ሂት እንደሆነ አስሉ፤ ከሂቶቹ ሆምረኑን (ከአጥሩ በላይ የወጣውን ምት) ቀንሱ፣ ከመምቻ ዙሮቹ ደግሞ ስትራይክአውትና (በሦስት ስትራይክ መውጣትና) ሆምረኑን ቀንሱ፣ ከዚያ አካፍሉ። ከ16 ሂት ሦስቱ ሆምረን ቢሆኑና 20 ጊዜ ስትራይክአውት ቢሆን 13 ለ57፣ ማለትም .228 ይሆናል። የሊጉ አማካይ .290 እና .300 መካከል ነው። ይህ ልጅ ዕድል አጥቷል፤ ተዉት ይምታ። ነገር ግን ስትራይክአውቱ 20 ሳይሆን 35 ቢሆንስ? ያ ዕድል አይደለም። ስትራይክአውት ከ60 ዙር ገደማ በኋላ እውነቱን መናገር ይጀምራል፤ የመምታት አማካይ ግን የዓመት ሙሉ ቁጥርም አይበቃው።

በደስታ በኩልም ያው ነው። ጄምስ ዉድ በ2025 ከኦል ስታር (በዓመቱ አጋማሽ ከሚደረገው የኮከቦች ጨዋታ) በፊት 24 ሆምረን መትቶ አርባ ሊሞላ ነው ሲባል፣ ዓመቱን በ31 ጨረሰ። ስትራይክአውቱ ግን 221 ደረሰ፤ በሜጀር ሊግ ታሪክ ከማርክ ሬይኖልድስ 223 እና ከአዳም ደን 222 ቀጥሎ ሦስተኛው ነው። የስትራይክአውቱን ብዛት ከመጀመሪያው ያየ ሰው ብዙም አልገረመውም።

አየሩም የራሱ ድርሻ አለው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ኳሱን ይይዘዋል፤ ሙቀቱ በ5 ወይም በ6 ዲግሪ ሴልሺየስ በወረደ ቁጥር ከፍ ብሎ የተመታ ኳስ አንድ ሜትር ያህል ያጥርበታል። በሚያዝያ ምሽት አጥሩ ሥር የሚያዘው ኳስ በሐምሌ ተመልካች ውስጥ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ጥሩ እየወረወረ ያለ ሰው በአምስተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው በዘጠኝ ኢኒንግ ይከፈላል) ለምን ይወጣል? ከዚያ ቡልፔኑ ገብቶ ያበላሸዋል። (ከባልቲሞር፣ «ግን የናሽናልስ ደጋፊ ነኝ» ብለው የጻፉ)

ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው የወቅቱ ነው፤ ወርዋሪው በልምምድ ካምፕ ቀስ በቀስ ነው የሚገነባው፣ በሚያዝያ ከ80 እስከ 90 ውርወራ ላይ ይቆማል፤ በበጋ 100 ይደርሳል። ሁለተኛው የዓመት ሙሉ ነው፤ መቺዎቹ አንድን ወርዋሪ በጨዋታው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያገኙት ኳሱን ለይተውታል፣ የሚመቱትም ይበልጣል። ዘጠኝ መቺ ሁለት ዙር 18 ሰው ነው፤ ያም አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ያደርሳል።

የቡልፔኑ ችግር ከሂሳብ ይጀምራል። ቡድኑ 26 ሰው ይይዛል፣ ከ13 በላይ ወርዋሪ አይፈቀድለትም። አምስቱ ስታርተሮች ናቸው፤ ስምንት ይቀራሉ። ስታርተሩ በየቀኑ አምስት ኢኒንግ ብቻ ከሰጠ ስምንቱ በየቀኑ አራት ኢኒንግ ይሸፍናሉ። ሁለት ቀን ተከታትሎ የወረወረ ሰው በሦስተኛው ቀን ባይገባ ይመረጣል። በተከታታይ ስድስት ቀን ጨዋታ ባለበት ሳምንት፣ ዓርብ ማታ በስምንተኛው ኢኒንግ የምታዩት ስሙን የማታውቁት ልጅ የገባው አሰልጣኙ አብዶ አይደለም፤ የቀሩት ደክመው ነው። ከ2020 ጀምሮ ደግሞ የገባ ወርዋሪ ኢኒንጉ ካላለቀ ወይም ካልተጎዳ በቀር ሦስት መቺ ሳይገጥም አይወጣም፤ አንድ ሰው ብቻ ለማስወጣት ማስገባት ቀርቷል።

ስለዚህ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ያለፉትን ሁለት ቀናት የውርወራ ቁጥር እዩ። ማን 25 ወርውሯል? ማን ሁለት ቀን ተከታትሎ ገብቷል? ይህን ያየ ሰው ስድስተኛው ኢኒንግ ላይ ማን እንደሚመጣ ከአሰልጣኙ እኩል ያውቃል።

ስለ ቡልፔን የነጥብ አማካይ አንድ ነገር። አንድ ሰው በ6 ኢኒንግ 9 ነጥብ ሲቆጠርበት በዘጠኝ ኢኒንግ ተሰልቶ 13.50 ይጻፍበታል፤ ስታዲየሙ ያጉረመርማል። ቀጥሎ 14 ኢኒንግ ያለ ነጥብ ቢወረውር 4.05 ይሆናል። ሰውየው ያው ነው። በሚያዝያ ከዚህ ቁጥር ይልቅ ዎክ የሰጠበትን ብዛት ተከታተሉ፤ በየኢኒንጉ ሰው በነጻ የሚያሳልፍ ወርዋሪ በሰኔም ያሳልፋል።

ጥያቄ፦ ተስፋ የተጣለበትን ወጣት ለምን ሮቸስተር (በታችኛው ሊግ ያለው ቡድናችን) ያስቀምጡታል? (ከፌርፋክስ)

አንዳንዴ ስላልበሰለ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የቀን ቆጠራ ነው። ውድድሩ 187 ቀን ገደማ ነው፤ 172 ቀን በሜጀር ሊግ የቆየ ሰው አንድ ሙሉ የአገልግሎት ዓመት ይቆጠርለታል፤ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነጻ ወጥቶ የፈለገበት ይፈርማል። የመጀመሪያዎቹን 16 ቀናት እዚያ ቆይቶ የመጣ ልጅ ዓመቱ አይሞላለትም፤ ቡድኑ አንድ ተጨማሪ ዓመት ያተርፋል። ሕጋዊ ነው፤ ለደጋፊው ግን ስድብ ነው የሚል አቋም አለን። «መከላከሉን እያሻሻለ ነው» የሚል መግለጫ በሚያዝያ አጋማሽ በድንገት ካበቃ መከላከሉ በ16 ቀን ተሻሽሎ እንዳልሆነ እወቁ።

ጥያቄ፦ ተጫዋች ቆቡን ሲነካ ዳኛው የሚቆመው ለምንድን ነው? (ከሲያትል)

ከ2026 ጀምሮ የመጣ ደንብ ነው። ዳኛው ቦል (ከመምቻው ክልል ውጭ ያለፈ) ወይም ስትራይክ (ክልሉ ውስጥ ያለፈ) ካለ በኋላ መቺው፣ ወርዋሪው ወይም ካቸሩ (ከመቺው ጀርባ ኳሱን የሚቀበለው) ቆቡን ወይም ሄልሜቱን ነክቶ ይግባኝ ይላል፤ ካሜራው ይፈርዳል። ለአንድ ቡድን ሁለት ዕድል አለው፤ ልክ ከሆነ ዕድሉ አይቀነስም። ከተቀመጡት ሰዎች ምክር መቀበል ክልክል ነው፣ ወዲያው መወሰን አለበት። የስትራይኩ ቁመት ከመቺው ቁመት ይሰላል፤ ከ27 እስከ 53.5 ከመቶ። 1.80 ሜትር ለሆነ ሰው ከ49 እስከ 96 ሳንቲ ሜትር ነው። ካቸሩ ኳሱን ፊት ለፊት ስለሚያይ ይግባኙን ለእሱ መተው ይሻላል፤ ወርዋሪ ሩቅ ነው፣ ስሜቱም ይመራዋል። በሁለተኛው ኢኒንግ ባዶ ቤዝ ላይ ዕድሉን ያባከነ ቡድን በዘጠነኛው ይጸጸታል።

ጥያቄ፦ ልጆቼን በሚያዝያ ስታዲየም ልወስድ ነው። የት ልቀመጥ? (ከአርሊንግተን)

የቀን ጨዋታ ምረጡ። የሦስተኛው ቤዝ በኩል ፀሐይ ከበስተኋላው ስለምትሆን ቀድሞ ጥላ ይይዘዋል፤ በሐምሌ በረከት ነው፣ በሚያዝያ ግን ያንቀጠቅጣል። የመጀመሪያው ቤዝ በኩል ፀሐይ ይቆያል፣ የናሽናልስ መቀመጫም እዚያው ነው። በሜትሮ አረንጓዴውን መስመር ይዛችሁ ኔቪ ያርድ ውረዱ። ዝናብ ቢጥልና ጨዋታው አምስት ኢኒንግ ሞልቶ ቢቋረጥ ውጤቱ እንደጸና ይቆጠራል፤ ትኬቱንም አትመልሱም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ ሰዓት መቼ ልይ? (ከአዲስ አበባ፣ ያው ጠያቂ)

በውድድሩ ጊዜ ሁሉ ልዩነቱ ሰባት ሰዓት ነው። በዋሽንግተን በፈረንጅ ሰዓት ከቀኑ 1፡05 የሚጀምር እናንተ ዘንድ በኢትዮጵያ ሰዓት ከምሽቱ 2፡05 ነው፤ ይህን እዩ። የምሽቱ 6፡45 ግን ከሌሊቱ 7፡45 ይሆናል፤ የአንድ ጨዋታ ርዝመት 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ ወደ 10፡25 ያልቃል፣ ለሥራ ሰው አይመከርም። ቡድኑ ወደ ምዕራብ ጠረፍ ሲሄድ ደግሞ ይቀላል፤ እዚያ ብዙውን ጊዜ ጨዋታው የሚጀምረው በእናንተ ከንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ቁርስ ላይ ሆናችሁ አምስተኛው ኢኒንግ ይደርስላችኋል።