«ውጭ ልውጣ» ሲሉ ሽንታቸው መጥቶ ነው

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ) ነርስ ነኝ። አረጋውያን ላይ ስለሚታየው ሽንት የማምለጥ ችግር ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠያቂዎቹ ገሚሱ ወላጆቻቸውን ያስገቡ ልጆች ናቸው፤ ገሚሱ እንደ እኔ እዚያው የሚሠሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ስትገባ ሽንቷን ትቆጣጠር ነበር። በ3ኛው ሳምንት ዳይፐር አደረጉላት። «እርጅና ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። አሜሪካ ውስጥ ነርሲንግ ሆም ካሉት አረጋውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ችግር አለባቸው፤ ሠራተኛው ስለሚለምደው «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ግን በ3 ሳምንት ውስጥ የመጣ ነገር ምክንያት አለው። ሆድ ድርቀት፣ ኢንፌክሽን፣ አዲስ መድኃኒት፣ የስኳር መጨመር ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም የሽንት ፊኛው ደህና ነው፤ ችግሩ ዎከሩ (ተደግፈው የሚሄዱበት) ከእጃቸው መራቁ ነው።

የቋንቋም ነገር አለ። አንዲት እናት «ውጭ ልውጣ፣ ውጭ ልውጣ» ይሉ ነበር። በስልክ የነበረው አስተርጓሚ ቃሉን እንዳለ ተረጎመው። ረዳቷ «ውጭ ብርድ ነው» ብላ ጋቢ ደረበችላቸው። እሳቸው ጋቢውን እንደያዙ እዚያው ረጠቡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ያን ቀን አልረሳውም። እናትሽ ለሽንት የምትለውን ቃል፣ ከነትርጉሙ፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ራስጌዋ ለጥፊ።

መብቷንም እወቂ። የፌዴራሉ ደንብ ሲገቡ ሽንታቸውን የሚቆጣጠሩ ሰው፣ ሕመማቸው ካላስገደደ በቀር፣ እንደዚያው እንዲቆዩ ተቋሙ ይርዳቸው ይላል። ይህን ይዘሽ የእንክብካቤ ዕቅድ ስብሰባ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ውሃ ብንቀንስላቸውስ?

መልስ፦ በፍጹም። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል፤ ድርቀቱም ይብሳል። ከእራት በኋላ ያለውን መቀነስ ይቻላል። ቡናም ያጣድፋል፤ ግን እናቶቻችንን ቡና ከልክሉ አልልም። የጠዋቱን ይጠጡ፣ የማታው ይቅር።

ጥያቄ፦ አባቴ ሽንት ቤት ቆመው ብዙ ይቆያሉ፣ የሚወጣው ትንሽ ነው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላቸዋል።

መልስ፦ ይህን ዛሬውኑ ለነርሷ ንገር። ፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ) የሽንቱን መንገድ ዘግቶ፣ ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ከሸኑ በኋላ ምን ያህል እንደቀረ በአልትራሳውንድ ይለካል፤ አያምም። ለእንቅልፍ ብለው ቤናድሪል የሚባለውን የአለርጂ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ተናገር፤ ሽንት ይይዛል።

ጥያቄ፦ የእናቴ ሽንት ይሸታል። አንቲባዮቲክ ስጧት ብል ሐኪሙ እምቢ አለ።

መልስ፦ ሐኪሙ ልክ ነው። ሽታ ብቻውን ኢንፌክሽን አይደለም። ነርሲንግ ሆም ካሉ እናቶች የብዙዎቹ ሽንት ሳይታመሙ ባክቴሪያ ይገኝበታል። ትኩሳት፣ አዲስ ማቃጠል ወይም የሆድ ሕመም ከመጣ ግን ዝም አትበል።

ጥያቄ፦ በየ2 ሰዓቱ ሽንት ቤት መውሰድ የሚባለው ይሠራል? በአንድ ሺፍት 10 ሰው ይዤ እንዴት አድርጌ?

መልስ፦ ይሠራል ወንድሜ፤ ለሁሉም ግን አይደለም። 3 ቀን ሞክረው። ቀን ቀን በየ2 ሰዓቱ ቀርበህ «ደረቅ ነዎት?» በል፤ አብራችሁ እዩ። ከዚያ «ሽንት ቤት ልውሰድዎት?» ብለህ ጠይቅ። እምቢ ካሉ አታስገድድ። ደርቀው ከቆዩ አመስግናቸው፤ መቼ እንደምትመለስ ንገራቸው። በ3ኛው ቀን ማን እንደተለወጠ ይታይሃል፤ ጉልበትህን እነሱ ላይ አውለው። ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ አይተህ ዳይፐራቸውን ለውጥ። ቆዳውን በለስላሳ ማጽጃ አጥበህ፣ ሳታሽ አድርቀህ፣ ዚንክ ያለበት ቅባት ቀባ።

10 ሰው ይበዛል፤ ለኃላፊዋ ነርስ ሳትፈራ ንገራት። እስከዚያው ከእንቅልፍ ሲነሡና ምግብ ሲጨርሱ ያለውን ሰዓት አታሳልፍ።